ምንም ሳይገፋ ይሄዳል ስለ ተባለው ሞተርና ስለ እውነተኛ ሚዛን

አንድ ሰው ከዚህ በፊት ያልታየ ብልሃት አገኘሁ፥ ሊቃውንት ሁሉ የተስማሙበትን የፍጥረት ሕግ የሚሽር መሣሪያ ሠራሁ ብሎ በመጣ ጊዜ፥ የሚሰማው ሰው ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ወዲያው ይመነውን? ወይስ ሳይሰማው ይመልሰው? ይህ ጥያቄ የሳይንስ ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን የመንግሥት ገንዘብ የሚያዝዘው ሹም፥ ተማሪውን የሚያበረታታው መምህር፥ ወሬ የሚያትመው ጋዜጠኛ፥ ጥሪቱን በሥራ ላይ ሊያውል የሚያስበው ነጋዴ፥ ሁሉም በየጊዜው የሚገናኙት ጥያቄ ነው። ብዙ ሰዎች ማመን የደግነት፥ መጠየቅ ግን የምቀኝነት ምልክት ይመስላቸዋል። ሌሎችም በተቃራኒው ሁሉን መካድ የዐዋቂነት ማስረጃ አድርገው ይይዙታል። እኔ ግን ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን፥ እርሱም መመርመር መሆኑን፥ መመርመርም የፍትሕ ወገን መሆኑን በዘመናችን በሆነ በአንድ ታሪክ ላስረዳ አስቤአለሁ። አንባቢዎቼ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁልኝ።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የሚሄድ ሁሉ አንዳች ነገር ወደ ኋላ ሳይገፋ ወደ ፊት አይሄድም። በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ለብዙ ዘመን ወደ ለገሃር ሲገባና ሲወጣ የኖረው መንኰራኵሩ ሐዲዱን ወደ ኋላ እየገፋ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በመስቀል አደባባይ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ ነው። የጣና ሰው ታንኳውን የሚያስኬደው ውሃውን ወደ ኋላ በመግፋት ነው፤ ከታንኳው ወደ የብስ የዘለለ እንደ ሆነም ታንኳው ወደ ኋላው ይሸሻል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ በሚወጣው መንገድ ላይ አንድ ታክሲ ሞተሩ ጠፍቶ ቢቆም፥ ተሳፋሪዎቹ ወርደው እግራቸውን በምድር ላይ ተክለው ሲገፉት ይሄዳል። ነገር ግን ከውስጥ እንደ ተቀመጡ የፊተኛውን ወንበር ቢገፉ ድካማቸው ከንቱ ነው፤ በእጃቸው ወደ ፊት የሰጡትን ግፊት በጀርባቸው ወደ ኋላ ይመልሱታልና። እንግሊዛዊው ሊቅ ይስሐቅ ኒውቶን በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ያጸናው ሕግ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግፊት እኩል የሆነ፥ ወደ ተቃራኒው ወገን የሚያመለክት የመልስ ግፊት አለው።

ወደ ጠፈር የሚወጣው ሮኬት እንኳ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በጠፈር መሬትም አየርም ስለሌለ፥ ሮኬቱ ወደ ኋላ የሚወረውረውን ነገር ስንቅ አድርጎ ይዞት ይሄዳል፤ ይኸውም ነዳጁ ነው። የዚህም ዕዳው እጅግ ከባድ ነው። አገራችን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቻይና ባስወነጨፈች ጊዜ ሳተላይቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ትመዝን ነበር። እርሷን ከሌሎች ጋር ያነሣው ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ሮኬት ግን ሲነሣ ክብደቱ ከ240 ቶን ያልፋል፤ ከዚህም የሚበዛው ነዳጅ ነው። በጠፈር ላይ ከወጡም በኋላ ብዙ ሳተላይቶች መንገዳቸውን የሚያቀኑበት ነዳጅ ሲያልቅባቸው ገና ጤነኛ ሳሉ ሥራቸው ይቀራል። እንግዲህ አንዳች ነገር ወደ ኋላ ሳይወረውር፥ ከፀሐይ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ ሞተር ቢገኝ፥ ለድሀውም ለሀብታሙም አገር ትልቅ በረከት በሆነ ነበር። ስለዚህ ይህን የተመኙትን ሰዎች ሞኞች ናቸው ማለት አይገባም። ምኞታቸው መልካም ነበር፤ ጥያቄው ግን ምኞት ሚዛን ይይዝ ዘንድ ይገባዋልን የሚል ነው።

ኖርማን ዲን የተባለ አሜሪካዊ የሚሽከረከሩ ክብደቶች ያሉት መኪና ሠርቶ፥ የመሽከርከርን እንቅስቃሴ ወደ አንድ ወገን ጉዞ ይለውጣል ብሎ በ1959 ዓ.ም. ከመንግሥቱ የፓተንት ወረቀት ተቀበለ። በጊዜው ብዙ ተወራለት። ነገሩን የመረመሩት ሰዎች ግን ምሥጢሩን ከወለሉ ላይ አገኙት። ልጆች በለስላሳ ወለል ላይ በሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ገላቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያዘነብሉና በድንገት ወደ ፊት ሲያንቀጠቅጡት ሣጥኑ ጥቂት በጥቂት ይሄዳል። ሣጥኑን የሚያስኬደው የወለሉ ሰበቃ ነው፤ ቀስ ሲሉ ወለሉ ይይዘዋል፥ በድንገት ሲያንቀጠቅጡት ግን ይለቀዋል። የዲንም መኪና እንዲሁ የሚገፋው ነገር ነበረው፤ ነገር ግን ሠሪው አላየውም። ወለል በሌለበት በጠፈር ግን ከቦታው ፈቀቅ አይልም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። የፓተንት ወረቀት አንድ ሐሳብ የማን እንደ ሆነ ይመሰክራል እንጂ ሐሳቡ እውነት ስለ መሆኑ አይመሰክርም። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የወጣው ስለ ፈጠራ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 123 አንድ ፈጠራ አዲስና የፈጠራ ብልሃት ያለው ከመሆኑ በላይ በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚቻል እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን ሦስተኛውን ነገር ግን ማኅተም ብቻውን ሊያረጋግጠው አይችልም፤ የሚያረጋግጠው ፈተና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ። በ2001 ዓ.ም. ሮጀር ሾየር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ኢምድራይቭ የተባለ ሞተር አሰበ። ሞተሩ ጫፉ እንደ ተቆረጠ የፈንጠዝያ ቆብ አንዱ ወገን ሰፊ፥ አንዱ ወገን ጠባብ የሆነ፥ በሁሉም በኩል የተዘጋ የመዳብ ዕቃ ነው። በውስጡ ምግብ የሚያሞቀውን የሚመስል ማይክሮዌቭ የተባለ ጨረር ይለቀቅበታል። ጨረሩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሰፊውን ወገን ከጠባቡ ይልቅ አብዝቶ ይገፋል፤ ስለዚህም ዕቃው ምንም ሳያወጣና ምንም ሳያስገባ ይሄዳል አለ። ከላይ እንደ ተናገርነው፥ ይህ በታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ወንበሩን እንደ መግፋት ነው። ጨረሩ የሚገፋው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ሳይሆን ጐኑንም ጭምር ነውና፥ ሁሉም ተደምሮ ሲቈጠር ምንም አይተርፍም።

ሕጉ እንዲህ ቢልም፥ በአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት በናሳ የሚሠሩ መሐንዲሶች መሣሪያውን ሠርተው፥ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ አድርገው መዘኑት። በ2016 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍም ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት 1.2 ሚሊ ኒውተን ግፊት አገኘን አሉ። ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት፥ በ80 ዋት ጊዜ ያዩት ግፊት የ10 ሚሊ ግራም ክብደት ያህል ነው፤ ማለት ከሠላሳ እስከ አርባ የጤፍ ፍሬ በእጅ መዳፍ ላይ የሚከብደውን ያህል ነው። ወሬው ግን ከጤፍ ፍሬ ይልቅ ከበደ። የኒውቶን ሕግ ተሻረ፥ የከዋክብት መንገድ ተከፈተ ያሉ ብዙዎች ነበሩ።

አስተዋይ ሰው ወደ ሚዛኑ ሳይሄድ ገና በቤቱ ተቀምጦ ሊያስብበት የሚችል አንድ ነገር አለ። ሞተሩ በአንድ ኪሎ ዋት ሁልጊዜ ያን ያህል የሚገፋ ከሆነ፥ መንኰራኵሩ ፍጥነቱ እየጨመረ በሴኮንድ ከ840 ኪሎ ሜትር በላይ በደረሰ ጊዜ፥ በየሴኮንዱ የሚያተርፈው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከሚበላው የኤሌክትሪክ ጉልበት ይበልጣል። ይህም ማለት አንድ ብር አስገብቶ ሁለት ብር የሚያወጣ፥ ትርፉንም ከማንም ያልወሰደ ማሽን ማለት ነው። ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት የፈጣሪ ሥራ ነው እንጂ የመዳብ ዕቃ ሥራ አይደለም። እንግዲህ የግፊቱ መጠን የጤፍ ፍሬ ቢያህልም፥ ከኋላው ያለው አባባል ዓለምን የሚያህል ነበር። አባባሉ በከበደ መጠን ማስረጃውም ሊከብድ ይገባዋል።

ሚዛኑስ ምን አለ? በቻይና በሺአን ከተማ ያሉ መርማሪዎች ቀደም ብለው ከናሳ የሚበልጥ ግፊት አይተው ነበር። በኋላ ግን የኤሌክትሪኩን ምንጭ ከውጭ በሽቦ ከማምጣት ይልቅ ከመሣሪያው ጋር በአንድነት አድርገው ሲመዝኑት፥ ግፊቱ ከመለኪያቸው የስሕተት ወሰን አላለፈም፤ ይህንንም ራሳቸው አሳተሙት። በጀርመን በድሬስደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማርቲን ታይማርና ባልደረቦቹ በ2018 ዓ.ም. መሣሪያውን ፈተኑ። ጨረሩ ወደ ዕቃው እጅግ ጥቂት ብቻ እንዲገባ ባደረጉ ጊዜም ግፊቱ አልቀነሰም። እንግዲህ የሚገፋው ሞተሩ አልነበረም፤ በሽቦዎቹ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከምድር ማግኔት ጋር እየተጋፋ ነበር። ሥራቸውን ቀጥለው በ2021 ዓ.ም. የመጨረሻውን ምርመራ አወጡ። በመጀመሪያ የናሳን የሚመስል ግፊት እነርሱም አዩ። ነገር ግን ሞተሩ ሲግል ከሚዛኑ ጋር ያያያዙት ብረቶች በሙቀት ስለሚለጠጡ ሚዛኑ ዜሮውን ይለውጥ ነበር። አሰቃቀሉን ለውጠው በመዘኑት ጊዜ ግፊቱ ጠፋ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቂርቆስ ሰፈር ጤፍ የምትገዛ እመቤት፥ ባለ ሱቁ ከመስፈሩ በፊት ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ መቆሙን ዐይኗን ጣል አድርጋ ታያለች። ይህን በማድረጓ ባለ ሱቁን ሌባ አላለችውም፤ ባለ ሱቁም የታመነ ሰው ከሆነ አይቆጣም። ምናልባት ሚዛኑ ራሱ ባለቤቱ ሳያውቅ ተዛብቶ ይሆናል። የድሬስደን ሊቃውንትም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ባዶውን ሚዛን አዩት፥ ባዶውም ሚዛን ይመዝን እንደ ነበር አገኙት።

በዚህ ታሪክ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሞተሩ መውደቅ አይደለም፤ የመርማሪዎቹ ጠባይ ነው። የታይማር ሥራ ያለ ነዳጅ የሚሄድ የጠፈር ሞተር መፈለግ ነበር። ግፊቱ እውነት ቢሆን ስሙ በዓለም ሁሉ በተጠራ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከሚዛኑ የወጣውን መልካም ወሬ ይዞ ሊሮጥ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ተስፋውን የሚያፈርሰውን ሥራ በገዛ እጁ ሠራ። አንድ ሰው ጠላቱ የተናገረውን ቢመረምር ምን ዋጋ አለው? ጠላትን መመርመር ቀላል ነው። ትልቁ ሥራ የራስን ምኞት መመርመር ነው።

ምኞት ምን ያህል ዐይን እንደሚያሳስት የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በ1903 ዓ.ም. በፈረንሳይ በናንሲ ከተማ ብሎንድሎ የተባለ የተከበረ ሊቅ ኤን ጨረር ያለውን አዲስ ጨረር አገኘሁ አለ። ብዙ ፈረንሳውያን ሊቃውንትም እኛም አየነው ብለው ጻፉ። በ1904 ዓ.ም. ሮበርት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ሊያይ ሄደ። በጨለማው ክፍል ውስጥ ማንም ሳያየው ከመሣሪያው ዋነኛውን ክፍል፥ ጨረሩን የሚበትነውን ፕሪዝም፥ አንሥቶ ወሰደው። ተመልካቾቹ ግን ጨረሩን ማየታቸውን ቀጠሉ። እነዚህ ሰዎች ሐሰተኞች አልነበሩም፤ ያዩ እየመሰላቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ቅን ነውና የተናገረው እውነት ነው ማለት አይቻልም። ቅንነት የልብ ነገር ነው፤ እውነት ግን ከልብም ውጭ የሚቆም ነገር ነው።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ይቃወመኝ ይሆናል። «ስንት ብልሃተኛ በዘመኑ ተዘብቶበት በኋላ እውነተኛ ሆኖ ተገኝቷል! የዛሬው የሊቃውንት ሕግ ነገ አይሻርምን?» ይላል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም፤ እኔም ራሴ ምስክር ላቅርብለት። ሮበርት ጎዳርድ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ሮኬት በጠፈር ሊሄድ እንደሚችል በጻፈ ጊዜ፥ ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ በጃንዋሪ 1920 ዓ.ም. ዘበተበት። በባዶ ጠፈር የሚገፋው ነገር ሳይኖር እንዴት ይሄዳል? ይህ ሰው በትምህርት ቤት የሚማሩትን እንኳ አያውቅም አለ። ጎዳርድ በ1945 ዓ.ም. ሞተ። ጋዜጣው ስሕተቱን ያረመው በጁላይ 17 ቀን 1969 ዓ.ም.፥ ሰዎች ወደ ጨረቃ በሮኬት በተነሡ ማግስት ነው።

ነገር ግን ይህን ታሪክ በጥንቃቄ እናንብበው። ጎዳርድ የኒውቶንን ሕግ አልሻረም፤ የሳተው ጋዜጠኛው ነው። ሮኬት የሚገፋው ከኋላው ያለውን አየር ሳይሆን ራሱ የሚወረውረውን ጋዝ መሆኑን ጋዜጠኛው አላስተዋለም። ጎዳርድም ሰዎች እንዲያምኑት አልለመነም፤ አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ባሩድ ተኵሶ ግፊቱን መዝኖ ነበር። ጋዜጠኛው ግን ሚዛኑን ሳያይ ፈረደ። ስለዚህ ይህ ታሪክ ለሚዘብቱ ሰዎች ተግሣጽ ነው እንጂ ሳይመዝኑ ለሚያምኑ ሰዎች ምስክር አይሆንም። የተዘበተበት ሁሉ ጎዳርድ አይደለም፤ ጎዳርድን ከሌሎቹ የሚለየውም መዘበቻ መሆኑ ሳይሆን መለካቱ ነው። ሕግም ሊሻር ይችላል፤ ነገር ግን የሚሽረው ከቀድሞው የተሻለ ሚዛን ነው።

ደግሞ አንድ ሌላ ሰው «ይህ ሁሉ ስለ ጤፍ ፍሬ ነውን? አንድ ሞተር ባይሠራ ማንን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። የማይሠራ ሞተር በቤተ ሙከራ ውስጥ ማንንም አይጎዳም፤ ነገር ግን ሳይመዝኑ የመቀበል ልማድ ከቤተ ሙከራ ወደ አደባባይ ይወጣል። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ ኤ.ዲ.ኢ. 651 የተባለውን ፈንጂ ፈልጎ ያገኛል የተባለ መሣሪያ ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች በውድ ዋጋ ሸጠ። መሣሪያው ከፕላስቲክ መያዣና ከሚወዛወዝ አንቴና በቀር ምንም አልነበረውም፤ የጐልፍ ኳስ መፈለጊያ እየተባለ በርካሽ ከሚሸጥ መጫወቻ የተወሰደ ነበር። በባግዳድ መንገድ ላይ ግን ወታደሮች በእርሱ ታምነው መኪናዎችን ያሳልፉ ነበር፤ የሰውም ነፍስ በዚህ ተከፈለ። ሰውዬው በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህን የመሰለውንና ጂ.ቲ. 200 የተባለውን ሌላ መሣሪያ የታይላንድ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ፈትኖት ነበር። ፈንጂውን ከሣጥኖች በአንዱ ሸሸጉት፤ መሣሪያውም ከ20 ጊዜ 4 ጊዜ ብቻ አገኘው፤ ይህም በጭፍን ግምት ከሚገኘው አይበልጥም። ፈተናው ሣጥንና ትዕግሥት እንጂ ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ከመግዛታቸው በፊት ቢያደርጉት ኖሮ ስንት ሰው በዳነ!

ከቤታችንም ምሳሌ አለን። በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሰደደው ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ስለ ተገኘ ተመልሶ መጣ፤ በግምጃ ቤት የቀረውም እንዲመረመር ሆነ። መልኩ ወርቅ ነበር፥ ወረቀቱም ወርቅ ይል ነበር። የተቀበሉት ሰዎች ግን መልኩንና ወረቀቱን ሳይሆን ነገሩን መረመሩ። ይህን ያደረጉት አገራችንን ስለ ጠሉ አይደለም። እንዲያውም የእነርሱ መመርመር ለእኛ ጠቀመን፤ በግምጃ ቤታችን ያለውን እንድናውቅ አድርጎናልና።

የካዛንቺስ ሰፈር ስሙን የወሰደው በጠላት ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ድርጅት ስም ነው። ይኸው ሰፈር በ1961 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀበት፥ በ1963 ዓ.ም. የአህጉሩ መሪዎች የአንድነት ድርጅትን የመሠረቱበት ሆኗል። ዛሬም ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ሹማምንትና ዐዋቂዎች ስለ አፍሪካ ልማት ይመክሩበታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ብዙ አዲስ ነገር ይቀርባል፤ ከቀረበውም አንዳንዱ የሕዝብን ሕይወት ይለውጣል፥ አንዳንዱም የሕዝብን ገንዘብ ይበላል። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከሌለን በገዛ ገንዘባችን የሌሎችን ሕልም እንገዛለን። ሀብታም አገር ለከንቱ ነገር ጥቂት ቢከፍል ከትርፉ ነው፤ ድሀ አገር ግን የሚከፍለው ከእንጀራው ነው። ስለዚህ መመርመር ለባለጠጎች የተተወ ቅንጦት አይደለም፤ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት በእጁ የሠራውን ይዞ በመጣ ጊዜ እንዴት እንቀበለው? በመጀመሪያ በአክብሮት እንስማው፤ የሚፈልግ ሰው ከማይፈልገው ይሻላልና። ቀጥሎም የሚከተለውን እንጠይቀው። መሣሪያህ ከምን ላይ ተደግፎ ይገፋል? ጉልበቱንስ ከየት ያገኛል? ሳይሠራ ሲቀር በምን እናውቃለን? ባዶው ሚዛን ምን ይላል? አንተ በሌለህበት ሌላ ሰው ቢፈትነው ይሠራልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው የምንረዳው ሰው ነው። መልስ የሌለው ግን ቁጣ ያለው ሰው፥ ወይም ምሥጢሬን ትሰርቃላችሁ እያለ ገንዘብ የሚያስቀድም ሰው፥ ራሱ መልሱን ሰጥቶናል። ማስረጃ የማቅረብ ዕዳ ያለበት ተናጋሪው ነው፤ ሰሚው አይደለም። የሰሚው ዕዳ ቀና ሚዛን ማቅረብ ነው።

ወጣቱን ሳይመረምሩ ማወደስ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ዕድሜውን በማይሆን ነገር እንዲጨርስ መተው ነው። ዝም ብሎ መዝበትም ጥበብ ይመስላል፤ ነገር ግን ምናልባት ከመቶው አንዱ ጎዳርድ ቢሆን እርሱን መግደል ነው። ከእርሱ ጋር በሚዛን ፊት መቆም ግን ሁለቱንም ያድናል፤ ሐሰቱን ያስቀራል፥ እውነቱንም ማንም እንዳይክደው ያጸናዋል። በድሬስደን የተደረገው ምርመራ አንድ ሞተር አሳጣን፤ በምትኩ ግን ሙቀትና ሽቦ የማያታልሉት፥ የጤፍን ፍሬ ሺህ ጊዜ ከፍሎ የሚመዝን ሚዛን ትቶልናል። ነገ አንድ ሰው እውነተኛውን ነገር ይዞ ቢመጣ የሚመሰክርለት ያ ሚዛን ነው።